የጨቅላ ሕፃናት አስተማሪዎች ደመወዝና በሥራ ላይ መጽናት፤ የዋሽንግተን ከተማ የክፍያ ማስተካከያ ገንዘብ ሲገመገም

መግቢያ

ስለ ሕፃናት ትምህርት እቅድ በሚወጣበት ጊዜ ሦስት ነገሮች በቅድሚያ ይጠቀሳሉ፤ እነዚህም ሕንፃው፥ መጫወቻውና ሥርዓተ ትምህርቱ ናቸው። አራተኛው፥ ይኸውም ሕፃኑን ከጧት እስከ ማታ ይዞ የሚውለው ሠራተኛ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው «ሥልጠና» በሚለው ርእስ ሥር ብቻ ነው። ሠራተኛው ምን ያህል ይከፈለዋል? በተቀጠረበት ቦታስ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? የሚሉት ጥያቄዎች ከእቅዱ ውጭ ይቀራሉ፤ ወይም «እንደ ተቋሙ አቅም» በሚል ሐረግ ይታለፋሉ።

ይህ ጉድለት የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በሀብታቸው በታወቁት አገሮችም ቢሆን ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ያሉትን ሕፃናት የሚያስተምሩና የሚንከባከቡ ሠራተኞች በትምህርት ሥራ ከተሠማሩት ሁሉ ዝቅተኛውን ደመወዝ ሲያገኙ ኖረዋል። ይህን ለማረም ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ፥ በአሜሪካ ርእሰ ከተማ በዋሽንግተን በእ.ኤ.አ. 2022 መክፈል የጀመረው የሕፃናት አስተማሪዎች የክፍያ ማስተካከያ ገንዘብ ነው።

ሙከራው በሁለት ምክንያት ለኢትዮጵያ አንባቢ ሊመረመር ይገባዋል። አንደኛ፥ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከአፍሪካ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዷ ስትሆን፥ በሕፃናት ማቆያ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያት በዚያ ይገኛሉ። አማርኛም ከተማዋ በእ.ኤ.አ. 2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሁለተኛ፥ በኢትዮጵያ ውስጥ የሕፃናት ማቆያዎች በመሥሪያ ቤቶችና በከተሞች በመስፋፋት ላይ ስለሚገኙ፥ ሌሎች በብዙ ወጪ ከተማሩት ስሕተት አስቀድሞ መማር የእቅድ አውጪ ተግባር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። የዋሽንግተኑ ሙከራ የተነሣበት መርሕ፥ ማለትም የአስተማሪ ደመወዝ በተማሪው ዕድሜ ማነስ ምክንያት ማነስ የለበትም የሚለው፥ ትክክል ነው። አፈጻጸሙ ግን መርሑን በሚገባው መሠረት ላይ አላቆመውም። በየዓመቱ በሚጸድቅና በሚሻር በጀት ላይ የተንጠለጠለ ደመወዝ ሠራተኛን ሊስብ ይችላል፤ ሠራተኛው ኑሮውን ሊመሠርትበት ግን አይችልም።

የችግሩ ምንነት

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በዓመቱ አጋማሽ ሥራውን ቢለቅ ጉዳቱ የታወቀ ነው። የትምህርት ፕሮግራሙ ይስተጓጎላል፤ ተማሪው ግን መምህሩ ለምን እንደ ሄደ ይገባዋል፤ መጽሐፉም በእጁ ነው። የአንድ ዓመት ሕፃን ሁኔታ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ለጨቅላ ሕፃን ትምህርት ማለት ከሚያውቀው ሰው ጋር የሚያደርገው ግንኙነት ነው። የሚናገረውን የመጀመሪያ ቃል የሚሰማለት፥ ለቅሶው የረኃብ ይሁን የእንቅልፍ ለይቶ የሚያውቅ፥ ሲፈራ የሚጠጋበት ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ሰው በየጥቂት ወሩ ሲለዋወጥ ሕፃኑ የሚያጣው መምህሩን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱንም ጭምር ነው።

ይህን ጉዳይ በሰፊው ካጠኑት ሥራዎች መካከል ቀዳሚው በእ.ኤ.አ. 1989 በአሜሪካ የወጣው ብሔራዊ የሕፃናት ማቆያ ሠራተኞች ጥናት ነው። ማርሲ ዋይትቡክ፥ ካሮሊ ሃውስና ዴቦራ ፊሊፕስ የመሩት ይህ ጥናት በአትላንታ፥ በቦስተን፥ በዲትሮይት፥ በፊኒክስና በሲያትል ከተሞች የሚገኙ 227 ማቆያዎችን ተመልክቷል። በእ.ኤ.አ. 1988 የሠራተኞቹ አማካይ ክፍያ በሰዓት 5 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር። የዋጋ መናር ታስቦ ሲታይ ይህ ክፍያ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ከአንድ አምስተኛ በላይ የቀነሰ ሆኖ ተገኘ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ በዓመት ሥራቸውን የሚለቁት ሠራተኞች ቁጥር ከመቶ 15 ወደ 41 አሻቀበ።

የጥናቱ ዋጋ ግን በእነዚህ አኃዞች ብቻ አይወሰንም። አጥኚዎቹ ስለ ሥራው ሁኔታ ከመረመሯቸው ነገሮች ሁሉ ከአገልግሎቱ ጥራት ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው የሠራተኛው ደመወዝ ነበር። ሠራተኞቻቸው ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጡባቸው ማቆያዎች የሚውሉ ሕፃናት በቋንቋና በማኅበራዊ ግንኙነት ዕድገታቸው ወደ ኋላ የቀሩ ሆነው ታይተዋል። ስለዚህ የደመወዝ ጥያቄ የሠራተኛው የግል ጥቅም ጥያቄ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መሠረት የለውም። ደመወዝ የሥርዓተ ትምህርቱ አካል ነው፤ የሚያስተምረው ሰው በቦታው ካልተገኘ በወረቀት የሰፈረው ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሊውል አይችልምና።

ደመወዙ ዝቅ ያለበት ምክንያት

ብዙ ጊዜ የሚሰነዘረው መልስ የማቆያ ባለቤቶችን ስግብግብነት የሚያመለክት ነው። እንዲህ ያሉ ባለቤቶች አይጠፉም፤ ነገር ግን የችግሩ ሥር ያለው በሒሳቡ ውስጥ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት ተንከባካቢ በወር 8,000 ብር ይከፈላት ተብሎ ይታሰብ። በዋሽንግተን ደንብ እንደ ተወሰነው አንዲት ተንከባካቢ ከአራት በላይ ጨቅላዎችን እንዳትይዝ ቢደረግ፥ ለእርሷ ደመወዝ ብቻ እያንዳንዱ ቤተሰብ 2,000 ብር ማዋጣት አለበት። ማቆያው በቀን አሥር ሰዓት ክፍት ቢሆንና የአንድ ሠራተኛ የሥራ ጊዜ ስምንት ሰዓት ቢሆን፥ ቀሪውን ሁለት ሰዓት የሚሸፍን ተጨማሪ ሰው ስለሚያስፈልግ መዋጮው ወደ 2,500 ብር ከፍ ይላል። የቤት ኪራይ፥ ምግብ፥ ውኃ፥ ሳሙናና የሥራ አመራር ወጪ ገና አልተጨመሩም። በአንጻሩ አርባ ተማሪዎችን የሚያስተምር መምህር ይኸው 8,000 ብር ቢከፈለው በአንድ ተማሪ ላይ የሚደርሰው 200 ብር ብቻ ነው።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጡት መንገዶች ጥቂት ናቸው። የወላጆችን ክፍያ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ወላጆቹ፥ በተለይም እናቶቹ፥ ከሚያገኙት ደመወዝ ይልቅ የሚከፍሉት ሲበልጥ ሥራ መያዛቸው ትርጉም ያጣል። አንዲት ተንከባካቢ ስምንት ወይም አሥር ጨቅላዎችን እንድትይዝ ማድረግም ይቻላል፤ ይህ ግን የሕፃኑን ደኅንነት መሸጥ ነው። ሁለቱም የማይሆኑ ሲሆኑ ጉድለቱ የሚሞላው ከሠራተኛዋ ኪስ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ማለት እንግዲህ ተንከባካቢዋ ሳትወድ በየወሩ ለቤተሰቦቹና ለኅብረተሰቡ የምታደርገው ድጎማ ነው። ሸክሙን አልችል ስትል የምትወስደው አንድ እርምጃ ብቻ አለ፤ ይኸውም ሥራውን መልቀቅ ነው።

በዋሽንግተን ይህን ችግር ያባባሰው አንድ መልካም ሕግ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከተማዋ በእ.ኤ.አ. 2008 ባወጣችው ሕግ ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕፃናት ነጻ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማስፋፋት ጀመረች። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በዚህ ደረጃ የሚያስተምሩት መምህራን የሚከፈላቸው ለአንደኛ ደረጃ መምህራን በተሠራው የደመወዝ እርከን ነው። የሕጉ ጠቀሜታ የማይካድ ቢሆንም፥ በማቆያዎች ላይ ሁለት ጉዳት አስከተለ። ትልልቆቹ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፥ አንዲት ሠራተኛ ብዙ ሆነው ልትይዛቸው ትችል ከነበሩት ሕፃናት የሚገኘውና ለጨቅላዎቹ ወጪ መደጎሚያ የነበረው ገቢ ቀረ። ትምህርታቸውን ያሻሻሉት አስተማሪዎችም የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። እንዲህ ሆኖ አንዲት አስተማሪ የሁለት ዓመት ሕፃን ስታስተምር በአንድ ደመወዝ፥ ያው ሕፃን ሦስት ዓመት ሲሞላው ግን እጅግ በሚበልጥ ሌላ ደመወዝ የምትሠራበት ሁኔታ ተፈጠረ። ሥራው ይህን ያህል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሕፃኑ ዕድሜና የደመወዙ ምንጭ ነው።

ሁለት የመፍትሔ መንገዶች

ለዚህ ችግር የተሞከሩት መፍትሔዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ለሚቆይ ሠራተኛ ማበረታቻ መስጠት፥ ሁለተኛው ደመወዙን ራሱን መለወጥ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ምሳሌ ከዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በቨርጂኒያ ይገኛል። ይህች ክፍለ አገር በእ.ኤ.አ. 2019 በአንድ ማቆያ ለስምንት ወር ለሚቆዩ አስተማሪዎች እስከ 1,500 ዶላር የሚደርስ ማበረታቻ አዘጋጀች። በአንዳንድ አካባቢዎች ገንዘቡ ለሁሉም ስላልበቃ ተጠቃሚዎቹ ማቆያዎች በዕጣ ተለዩ። ይህም ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ለማነጻጸር ዕድል ስለ ሰጠ፥ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁኔታውን ተከታተሉት። ማበረታቻ ካላገኙት ሠራተኞች መካከል በስምንቱ ወር ከመቶ 25 ሥራቸውን ሲለቁ፥ ካገኙት መካከል የለቀቁት ከመቶ 14 ብቻ ሆኑ። ከትምህርት ቤት ውጭ ባሉት የሕፃናት ማቆያዎች ልዩነቱ ከመቶ 30 ወደ 15 ነበር፤ በሌላ አነጋገር ገንዘቡ ሥራ የሚለቁትን በግማሽ ቀንሷል።

ይህ ውጤት ለብዙ ጊዜ ሲነገር የኖረን አንድ አባባል አፈረሰ። «የሕፃናት ተንከባካቢ የሚለቀው ሥራው ስለሚያደክም፥ ወይም ለሙያው ፍቅር ስለሌለው ነው» ይባል ነበር። ለሙያው ፍቅር የሌለው ሰው በወር ከ200 ዶላር በማይበልጥ ጭማሪ ፍቅር አያድርበትም። ሠራተኞቹ የለቀቁት ኑሮአቸውን መግፋት ስላቃታቸው ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የዋሽንግተኑ ነው። የከተማው ምክር ቤት በእ.ኤ.አ. 2018 ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ያሉትን ሕፃናት የሚመለከት ሕግ ሲያወጣ፥ የእነዚህ ሕፃናት አስተማሪዎች ክፍያ ከመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ጋር እንዲመጣጠን በመርሕ ደረጃ ተቀብሎ ነበር። ገንዘቡ የተገኘው ግን በእ.ኤ.አ. 2021 በዓመት ከ250,000 ዶላር በላይ ገቢ ባላቸው ነዋሪዎች ላይ ተጨማሪ ግብር እንዲጣል ከተወሰነ በኋላ ነው። በእ.ኤ.አ. 2022 ፈቃድ ባላቸው ማቆያዎች ሙሉ ጊዜ ለሚሠሩ ዋና አስተማሪዎች እስከ 14,000 ዶላር፥ ለረዳቶች እስከ 10,000 ዶላር በቀጥታ ተከፈለ። ከእ.ኤ.አ. 2023 የጥቅምት ወር ጀምሮ ደግሞ አሠራሩ ተለውጦ ገንዘቡ ለማቆያዎቹ እንዲሰጥና እነርሱም በሥራ መደብና በትምህርት ደረጃ ከተወሰነው መነሻ በታች እንዳይከፍሉ ተደረገ። ማቲማቲካ የተባለው የጥናት ድርጅት ባደረገው ግምገማ በሁለት ዓመት ውስጥ በከተማው በሙያው የተሠማሩት ሠራተኞች ቁጥር፥ ገንዘቡ ባይኖር ሊሆን ይችል ከነበረው ወደ 7 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። ሠራተኛ ጠፍቶ ክፍሎች ይዘጉ በነበረበት ወቅት ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም።

ትችት

የዋሽንግተኑን ሙከራ ለመተቸት መነሻው በመርሑና በአፈጻጸሙ መካከል ያለውን ርቀት መለካት ነው።

በቅድሚያ ሊመሰገን የሚገባው ሊመሰገን ይገባል። ገንዘቡ የተገኘው ከወላጆች ክፍያ ሳይሆን ከግብር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ አራት ቤተሰቦች ሊሸከሙት ያልቻሉትን ወጪ ከተማው ሲካፈለው የሚቻል ሆነ። እንዲሁም አሠራሩ ከአንድ ጊዜ ስጦታ ወደ ደመወዝ እርከን መሸጋገሩ ትክክለኛ እርምት ነበር። ባንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ የተበደሩትን ለመክፈል ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቤት አከራይም ሆነ ባንክ እንደ ቋሚ ገቢ አይቆጥረውም። ከዚህም በላይ ዓመታዊ ገቢን በድንገት ከፍ ስለሚያደርግ፥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የሕክምናና የኑሮ እርዳታ የሚያሳጣበት አጋጣሚ መኖሩ ሠራተኞቹን ሲያሳስብ ነበር።

ጉድለቶቹ ግን ሦስት ናቸው።

ሀ) የገንዘቡ መሠረት አለመጽናት። በእ.ኤ.አ. 2024 የጸደይ ወራት የከተማዋ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር የበጀት እጥረትን ምክንያት በማድረግ ለሚቀጥለው ዓመት ገንዘቡ ጨርሶ እንዲቀር ሐሳብ አቀረቡ። ምክር ቤቱ ተከራክሮ 70 ሚሊዮን ዶላር መለሰለት። ውጤቱ መልካም ቢሆንም፥ በመካከሉ ባሉት ወራት አንዲት አስተማሪ የሚቀጥለው ዓመት ደመወዟ ስንት እንደሚሆን ልታውቅ አልቻለችም። በዚያው ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ደመወዝ ይሰረዝ ብሎ ሐሳብ የሚያቀርብ ባለሥልጣን አይገኝም፤ የመምህሩ ደመወዝ የትምህርት ሥርዓቱ አካል እንጂ ልዩ ፕሮግራም አይደለምና። የጨቅላ ሕፃናት አስተማሪ ደመወዝ ግን ስሙም አሠራሩም «ማስተካከያ» ሆኖ ቀረ። ማስተካከያ ሊሰረዝ ይችላል። እኩልነት በገንዘቡ መጠን ቢገኝም በዋስትናው አልተገኘም።

ለ) የትምህርት ደረጃ ጥያቄ ከደመወዙ መቅደሙ። ከተማዋ በእ.ኤ.አ. 2016 ባወጣችው ደንብ በማቆያ የሚሠሩ ዋና አስተማሪዎች ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲፕሎማ እንዲኖራቸው ጠየቀች። የደመወዙ ማሻሻያ የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በዚህ መካከል ሠራተኞቹ በአሮጌው ደመወዝ እየኖሩ ለአዲሱ ዲፕሎማ እንዲማሩ ተጠየቁ። ቀን ሕፃን ሲይዙ ውለው ማታ በሁለተኛ ቋንቋቸው ለሚማሩ፥ በአገራቸው የተማሩትንም ለማስመዘን ለሚገደዱ ስደተኞች፥ ኢትዮጵያውያትንም ጨምሮ፥ ይህ ሸክም እጅግ ከባድ ነበር። ከፍ ያለ የትምህርት ደረጃ መጠየቅ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተቱ ቅደም ተከተሉ ነው። ደመወዝ ሳይሻሻል የሚሰጥ ሥልጠና ሠራተኛውን ለተሻለ ሥራ አዘጋጅቶ የሚሸኝ ይሆናል።

ሐ) የተተዉት ወገኖች። ገንዘቡ የሚደርሰው ፈቃድ ባላቸው ማቆያዎችና ፈቃድ ባላቸው የመኖሪያ ቤት ማቆያዎች ለሚሠሩ ብቻ ነው። በግለሰብ ቤት ተቀጥረው ሕፃን የሚጠብቁ ሴቶች ከሥርዓቱ ውጭ ናቸው። የሕዝብ ገንዘብ ቁጥጥር ለሌለበት ሥራ አይሰጥም የሚለው መልስ ተገቢ ነው፤ ሆኖም እነዚህ ሴቶች ፈቃድና ሥልጠና አግኝተው ወደ ሥርዓቱ የሚገቡበት በር ሰፊ ካልሆነ፥ በሙያው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ይፈጠራል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። የቨርጂኒያው ማበረታቻ በትንሽ ወጪ የሚለቁትን በግማሽ ከቀነሰ፥ ብዙ ወጪ የሚጠይቀው የዋሽንግተን መንገድ ለምን ያስፈልጋል? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ነገር ግን ሁለቱ መንገዶች የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አይደለም። ማበረታቻው ቀድሞ የተቀጠረው ሠራተኛ ለስምንት ወር እንዳይለቅ አድርጓል። ሥራው ለአንዲት ወጣት የዕድሜ ልክ ሙያ ሆኖ እንዲመረጥ ማድረጉ ግን አልታየም፤ ሊታይም አይችልም፤ ማንም ሰው ሙያውን በስምንት ወር ስጦታ አይመርጥምና። ማበረታቻ ድልድይ ነው፤ ከወንዙ ማዶ የሚጠብቅ ቋሚ እርከን ከሌለ ግን ድልድዩ ብቻውን የትም አያደርስም።

ለኢትዮጵያ እቅድ የሚሰጠው ትምህርት

በኢትዮጵያ የሚነሣው ጥያቄ በመልኩ የተለየ ቢሆንም በይዘቱ አንድ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አራት ምሰሶዎች አሉት፤ እነርሱም የወላጆች ትምህርት፥ ከጽንስ ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ የጤናና የማነቃቃት ፕሮግራም፥ መዋዕለ ሕፃናትና መደበኛ ያልሆነ የትምህርት ቤት ዝግጅት ናቸው። ከአራት ዓመት በላይ ላሉት ሕፃናት መዋዕለ ሕፃናትና ዜሮ ክፍል ሲስፋፉ፥ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎታል። ከአራት ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት ግን በጤና አገልግሎትና በወላጆች ትምህርት በኩል ይታሰባሉ እንጂ፥ እነርሱን ውሎ የሚይዝ ባለሙያ በማዕቀፉ ውስጥ ጎልቶ አይታይም።

ሆኖም ባለሙያው በሥራ ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ይህ ማለት ሕፃኑ ገና ሦስት ወር ሲሞላው እናቱ ወደ ሥራ ትመለሳለች። ሕፃኑን የሚቀበል ሰው የግድ አለ። ጥያቄው ያ ሰው በምን ስምና በምን ደመወዝ ይሠራል የሚለው ነው።

ስሙ ራሱ ትኩረት ይሻል። በአማርኛ «መምህር» ሲባል ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ይታሰባል፤ «ሞግዚት» ሲባል ደግሞ በሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ የምትጠብቅ ሴት ትታሰባለች። ደመወዝም ስምን ተከትሎ ይሄዳል። በሥራ መደብ መዝገብ ላይ «ሞግዚት» ተብላ የተመዘገበች ሠራተኛ ደመወዟ የሚነጻጸረው ከጽዳትና ከተላላኪነት ሥራ ጋር እንጂ ከማስተማር ጋር አይሆንም። መምህሩ ከጀማሪነት ተነሥቶ መለስተኛ፥ መምህር፥ ከፍተኛ መምህር እያለ እስከ መሪ መምህርነት የሚወጣበት መሰላል አለው። ጨቅላ የምትይዘው ሠራተኛ ግን አሥር ዓመት ብታገለግልም የምትረግጠው ደረጃ የላትም። ስለዚህ ትምህርት ያላት ወደ መዋዕለ ሕፃናት፥ ከዚያም ወደ አንደኛ ደረጃ ለመሄድ ብትጣጣር ሊያስደንቅ አይገባም። መሰላሉ የተተከለው በዚያ በኩል ነውና።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ማስጠንቀቂያ ከሕንድ ይገኛል። ሕንድ በእ.ኤ.አ. 1975 ባቋቋመችው የተቀናጀ የሕፃናት ልማት አገልግሎት በየመንደሩ የሚሠሩት ሴቶች እንደ በጎ ፈቃደኛ ስለሚቆጠሩ የሚሰጣቸው ደመወዝ ሳይሆን «የክብር አበል» ነው። በእ.ኤ.አ. 2018 ከማዕከላዊው መንግሥት የሚሰጠው አበል በወር ከ3,000 ወደ 4,500 ሩፒ ከፍ ቢልም፥ ስሙ አልተለወጠም። ሴቶቹ ለረጅም ዘመን ካገለገሉ በኋላ የአገልግሎት ካሣ እንደሚገባቸው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነላቸው በእ.ኤ.አ. 2022 ነው። በጎ ፈቃድ ለአንድ ዘመቻ ይበቃል፤ ለዘላቂ አገልግሎት ግን የሠራተኛን መብት ማዘግየት እንጂ ወጪን ማስቀረት አይደለም።

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት አምስት ነጥቦች ለእቅድ አውጪዎች ይቀርባሉ።

1ኛ. እያንዳንዱ ማቆያ በዓመት ስንት ሠራተኛ እንደ ቀጠረና ስንት እንደ ለቀቀ ይመዝገብ። የሕፃናት ቁጥርና የክፍል ብዛት እየተመዘገበ የሚለቁት ሠራተኞች ቁጥር ካልታወቀ፥ ጥራት ተለክቷል ማለት አይቻልም።

2ኛ. ከሦስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት የሚይዘው ሠራተኛ በትምህርት ሙያ ውስጥ የሚመደብ የራሱ የሥራ መጠሪያና የእድገት መሰላል ይኑረው። የመሰላሉ መነሻ ዝቅ ያለ ቢሆንም እንኳ ከመምህራን መሰላል ጋር የሚገናኝ ይሁን።

3ኛ. በመንግሥት መሥሪያ ቤት ማቆያ የሚሠሩት በቋሚ የሥራ መደብ ይቀጠሩ፤ ደመወዛቸውም ከወላጆች መዋጮ ተለይቶ በመደበኛ በጀት ይያዝ። መዋጮው ለምግብና ለቁሳቁስ ሊውል ይችላል።

4ኛ. በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ለጨቅላ ሕፃናት አስተማሪዎች ሥልጠና ሲዘጋጅ፥ እያንዳንዱ የሥልጠና ደረጃ የሚያስገኘው የደመወዝ እርከን አስቀድሞ ይወሰን። እርከን የሌለው የምስክር ወረቀት የሥራ መልቀቂያ ወረቀት ነው።

5ኛ. ቋሚ እርከን እስኪዘጋጅ ድረስ የቆይታ ማበረታቻ መስጠት ቢያስፈልግ ይሰጥ፤ ነገር ግን የሚያበቃበት ቀንና የሚተካው እርከን አብሮ ይታወቅ።

«አገሪቱ ድሀ ስለሆነች ይህን ለመፈጸም አቅም የላትም» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። የአቅም ውሱንነት እውነት ነው። ነገር ግን ከአምስቱ ነጥቦች መካከል የመጀመሪያውና ሁለተኛው የሚጠይቁት በአብዛኛው መዝገብና ውሳኔ ነው፤ አራተኛውም ቢሆን በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠይቀው ቅደም ተከተልን መጠበቅ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ሦስተኛው ሲሆን፥ እርሱም ማቆያዎቹ ገና ጥቂት በሆኑበት ጊዜ ቢጀመር ይቀላል። ዋሽንግተን የደመወዝ ጥያቄዋን ያነሣችው ብዙ ማቆያዎች ከተቋቋሙና ብዙ ሠራተኞች ሙያውን ትተው ከሄዱ በኋላ ነው። የእርምቱ ወጪ የከበደው በከፊል ስለ ዘገየ ነው።

ማጠቃለያ

የጨቅላ ሕፃናት አስተማሪ ደመወዝ ዝቅ ያለው ሥራው ቀላል ስለሆነ ሳይሆን፥ ወጪው ከጥቂት ቤተሰቦች በስተቀር ተካፋይ ስለሌለው ነው። ደመወዝ ሲሻሻል ሠራተኛ እንደሚቆይ ቨርጂኒያ በግልጽ አሳይታለች። ወጪውን ኅብረተሰቡ ሊካፈለው እንደሚችል ደግሞ ዋሽንግተን አሳይታለች፤ ሆኖም ደመወዙን የትምህርት ሥርዓቱ አካል ከማድረግ ይልቅ በየዓመቱ የሚያከራክር ልዩ ገንዘብ ስላደረገችው፥ የሰጠችውን መተማመኛ ራሷ አናግታዋለች።

በኢትዮጵያ የማቆያዎች ቁጥር ሲጨምር የሚቀርቡት ሪፖርቶች ስለ ተከፈቱት ክፍሎችና ስለ ተቀበሏቸው ሕፃናት ይናገራሉ። ከእነዚህ አኃዞች ጎን አንድ ሌላ አኃዝ መስፈር ይኖርበታል፤ ይኸውም ዐምና ሕፃናቱን ከያዙት ሠራተኞች መካከል ዘንድሮ በቦታቸው ያሉት ስንት ናቸው የሚለው ነው። ይህ አኃዝ ከሪፖርቱ እስካልተካተተ ድረስ የክፍሎቹ ቁጥር ብቻውን የትምህርት መስፋፋት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።